ከውጭ የሚቆለፍ በር

ድሬዳዋ ውስጥ የሕንፃ ፕላን የሚሠራ ሰው ሳያስበው እጁ የሚስለው ነገር ቢኖር የጣሪያ ማራገቢያ ነው። ሳሎንም ይሁን መኝታ ቤት፣ ሱቅም ይሁን ቢሮ፣ ከክፍሉ መካከል አንድ ክብ ይሳልና የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋለታል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ ያለ ማራገቢያ ማደር ምን ማለት እንደሆነ የከተማችን ሰው ሁሉ ያውቀዋልና። ባለፈው ዓመት አንድ ባለሀብት ከዚራ በሚባለው የድሬ ሰፈር የገዛውን አሮጌ ግቢ የአእምሮ ሕሙማን ተኝተው የሚታከሙበት ተቋም ሊያደርገው እንዳሰበ ነግሮኝ ሥራውን ስጀምር፣ እኔም እንደ ልማዴ በ18ቱም የመኝታ ክፍሎች ላይ ማራገቢያ አስቀመጥኩ።

ሥዕሉን እንዲያዩልኝ የለመንኳቸው በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ከ20 ዓመት በላይ አገልግለው ጡረታ የወጡ አንዲት የሰፈራችን ሲስተር ነበሩ። ወረቀቱን በረንዳቸው ላይ ዘርግተው መነጽራቸውን አደረጉና፣ እርሳስ አንሥተው ማራገቢያዎቹን አንድ በአንድ ከበቧቸው። «እነዚህ ሁሉ ይነሡ» አሉኝ። ቀጥለው የመጋረጃውን ዘንግ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ፣ የበሩን እጀታና የልብስ መስቀያውን ከበቡ። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ክፍሉን እኔ በማየው ዓይን እንደማያየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስረዱኝ። «ታዲያ በዚህ ሙቀት ያለ ማራገቢያ እንዴት ይሆናል?» ብላቸው፣ «ሙቀቱስ ቢሆን አይገድልም እንዴ!» አሉኝና ያልጠበቅሁትን ነገር ነገሩኝ። እንደ ክሎርፕሮማዚን ያሉ መድኃኒቶች ሰውነት የራሱን ሙቀት የሚቆጣጠርበትን አቅም ያዳክማሉ፤ የእነርሱን የጎንዮሽ ጉዳት እንዲያስታግስ አብሮ የሚታዘዘው ትራይሄክሲፌኒዲል ላብን ይቀንሳል፤ ሊትየም የሚወስድ ሰው ደግሞ ውሃ ካነሰው መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊመርዘው ይችላል። ስለዚህ ድሬ ላይ የተኛ የአእምሮ ሕመምተኛ ከእኔና ከእርስዎ ይበልጥ ነፋስና ውሃ ያስፈልገዋል፤ ነፋሱን የሚያመጣለት ዕቃ ግን ከጣሪያው ሊንጠለጠል አይገባም። «ሁለቱንም ማሟላት የአንተ ሥራ ነው» ብለው ወረቀቱን ጠቅልለው መለሱልኝ።

ባለሀብቱ ሥራውን ሲሰጠኝ «ፈቃድ የሚያሰጠውን መስፈርት የሚያሟላ ብቻ አድርግልኝ፤ ከዚያ ወዲያ አትጨነቅ» ብሎኝ ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ሁሉ የሚለውን ነው ያለው። እኔ ግን ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሸፍኖ የሚሰቀል የብቃት ማረጋገጫ ወረቀት ምን ሊነግር፣ ምንስ ሳይነግር ሊቀር እንደሚችል ከዚያ በፊት ቤተሰቤ ውስጥ አይቼዋለሁ።

የዛሬ 11 ዓመት ታላቅ ወንድሜ ታመመ። እንቅልፍ እንቢ አለው፤ ቀጥሎ ለእኛ ከማይታየን ሰው ጋር መነጋገር፣ ከዚያም ምግቡን ማንም ሳይነካው ራሱ ካላበሰለው አልበላም ማለት ጀመረ። እናቴ ጸበል ወሰደችው፤ ጎረቤታችን እማማ ደግሞ በእንባ ለምነው ሼህ ዘንድ ቁርአን አስነበቡለት። ድሬ ላይ መከራ የሁሉም ነውና ማንም ለማንም እምነትህ ምንድን ነው አላለም። አንድ ሌሊት አጥር ዘሎ ወጥቶ ንጋት ላይ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ባዶ እግሩን ሲሄድ ሲያገኙት፣ አንድ ዘመዳችን ወደሚያውቀው የግል ተቋም ይዘነው ሄድን። እናቴ ገና ከበሩ ስትገባ ዓይኗ ያረፈው እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የምስክር ወረቀት ላይ ነበር። ማንበብ አትችልም፤ ሐምራዊውን ማኅተም ግን አየችው። «ማኅተም አለው፤ መንግሥት ያውቀዋል ማለት ነው» አለችኝና ተነፈሰች። አንድ ገጽ ወረቀት አስፈረሙን፤ ሁለት ሰዎች ወንድሜን በሁለት ክንዱ ይዘው ወደ ውስጥ ወሰዱት፤ የብረቱ በር ተዘጋና ቁልፉ ከውጭ ሲዞር ሰማን።

በአምስተኛው ቀን ልንጠይቀው ስንሄድ ሸሚዙ እጅጌው እስከ መዳፉ ተዘርግቶ ተቆልፎ ነበር። በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለምን እንዳለበሱት ሊገባኝ አልቻለም። ቁልፉን ፈትቼ እጅጌውን ስሰበስበው አንጓው ዙሪያውን እንደ አምባር ቀልቷል፤ ከአንሶላ የተቀደደ ጨርቅ ክሩን ቆዳው ላይ ጥሎት ነበር። ሠራተኛውን ስጠይቀው ተቆጥቶ አልነበረም፤ እንደሚያዝን ሰው ሆኖ «ይህ እኮ ከሕመሙ ነው፤ ራሱ እየታገለ ነው ያቆሰለው፤ የሚነግራችሁን ሁሉ አትመኑ» አለኝ። ወንድሜን ያስወጣነው በማግስቱ ነው። ያ ወረቀት ተመላላሽ ታካሚዎችን ብቻ ለማከም የተሰጠ ፈቃድ መሆኑን ያወቅሁት ግን ከወራት በኋላ፣ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቅ ሰው አስነብቤው ነው። ማኅተሙ እውነተኛ ነበር። ወንድሜ የተኛበት ክፍል ግን ወረቀቱ ውስጥ አልነበረም።

«የሚነግራችሁን ሁሉ አትመኑ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፤ ስለ አእምሮ ሆስፒታሎች መስፈርት ያነበብኩትንም ሁሉ ያነበብኩት በዚህ ቃል ውስጥ ሆኜ ነው። ሆዱን የተቀደደ ሰው ቁስሌ አመረቀዘ ቢል ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ ያያል። ምጥ ላይ ያለች ሴት ሰደቡኝ ብትል ባሏ ይቆጣል፣ አለቃ ይጠራል። የአእምሮ ሕመምተኛ ግን ታሰርኩ፣ ተመታሁ፣ ውሃ ከለከሉኝ ቢል አቤቱታው ካርዱ ላይ እንደ ሕመሙ ምልክት ሊጻፍ ይችላል። ለዚህ ነው የአእምሮ ሆስፒታል ፈቃድ ከሌላው ተቋም ፈቃድ ይልቅ ከባድ መሆን ያለበት ብዬ የማምነው። በሌላው ክፍል መስፈርቱ ቢጎድል ታካሚው ራሱ ይጮሃል፤ እዚህ ግን ጩኸቱ ስለማይታመን መስፈርቱ እርሱን ተክቶ መናገር አለበት።

በአገራችን ሰው አፍ ፈቃድና እውቅና አንድ ቢመስሉም ሁለት ነገሮች ናቸው። ፈቃድ መንግሥት የሚሰጠው ነው፤ ያለ እርሱ በር መክፈት ወንጀል ይሆናል፤ የሚጠይቀውም ዝቅተኛውን ነው፦ ስንት ክፍል፣ ስንት ባለሙያ፣ ምን ዕቃ። እውቅና ደግሞ ተቋሙ ወዶ የሚገባበት ፈተና ነው፤ ከውጭ የመጡ ገምጋሚዎች የተጻፈውን ሕግ ከማየት አልፈው ሥራው በእርግጥ እንዴት እንደሚሠራ ታካሚውን ከካርድ ክፍል እስከ አልጋው ተከትለው ይመረምራሉ። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሥራ በ1951 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ መንግሥታዊ ያልሆነ ተቋም አለ። እኛ አገር የፈቃድ መስፈርቱ መሠረት የተጣለው በአዋጅ ቁጥር 661/2002 ሲሆን፣ በ2004 ዓ.ም. ለየጤና ተቋሙ ዓይነት ዝቅተኛ መስፈርቶች ተዘጋጅተው ወጡ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንድ ተቆጣጣሪ እጁ ላይ የሚይዘው ቼክሊስት አገኘ። ችግሩ ቼክሊስት የሚቆጠር ነገር መውደዱ ላይ ነው። አልጋ ይቆጠራል፤ የእሳት ማጥፊያ ይቆጠራል፤ ትናንት ሌሊት ስንት ሰው እንደታሰረና ለስንት ሰዓት እንደቆየ ግን አንድ ሰው መዝገብ ላይ ካልጻፈው በቀር የሚቆጠርበት መንገድ የለም።

የእኛን ጉዳይ የሚያከብደው አማራጩ ማነሱ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን እንደተቋቋመ የሚነገርለት የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል፤ ከድሬም ሆነ ከሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና የተጀመረው በ1980 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የድሬው ድል ጮራ ሆስፒታልም፣ ሐረር ላይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ስለሚሰጡ ለመድኃኒት ብቻ ያን ያህል መንገድ መሄድ ቀርቷል። ቤት ውስጥ ሊያዝ ያልቻለ ሰው ያለበት ቤተሰብ ግን አሁንም የሚያስጨንቀው አልጋ ነው፤ ጭንቀቱ ባለበት ደግሞ ወረቀቱ ምን እንደሚል ሳይታይ በሩ የሚከፈትለት ተቋም አይጠፋም።

ወረቀት ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ደቡብ አፍሪካ ላይ የሆነውን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2016 የሃውቴንግ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት ወጪ ለመቆጠብ ብሎ ላይፍ ኤሲዲሜኒ ከተባለ ተቋም ከ1,000 በላይ የአእምሮ ሕሙማንን አስወጥቶ አብዛኞቹን በየበጎ አድራጎት ማኅበራቱ አከፋፈላቸው። የአገሪቱ የጤና እንባ ጠባቂ ፕሮፌሰር ማሌጋፑሩ ማክጎባ በ2017 ባወጡት ሪፖርት፣ ሰዎቹን የተቀበሉት 27ቱም ማኅበራት የያዙት ፈቃድ ሕጋዊ ዋጋ ያልነበረው እንደሆነ አረጋገጡ። በመጨረሻ 144 ሰዎች እንደሞቱ ተቆጠረ፤ ከእነርሱ ውስጥ በረሃብና በውሃ ጥም ያለቁ ነበሩ። ይህን ሳነብ እናቴ ያንን ማኅተም አይታ የተነፈሰችው ትንፋሽ ትዝ አለኝ። እነዚያም ፈቃድ የሚባል ወረቀት ነበራቸው፤ የፈረመ ሰውም ነበረ። የፈረመው ሰው ግን ወጥቤቱ ውስጥ ምግብ መኖሩን ሄዶ አላየም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሥራዬ ጋር ስለሚገናኝ ይሆናል ይበልጥ የሚከነክነኝ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 2001 ደቡብ ሕንድ፣ ታሚል ናዱ ውስጥ ኤርዋዲ በምትባል መንደር፣ በአንድ የሙስሊሞች ወሊይ መቃብር ዙሪያ ፈውስ ፍለጋ የመጡ ሕሙማን ያድሩበት በነበረ መጠለያ ሌሊት እሳት ተነሣ። ሕሙማኑ በሰንሰለት ታስረው ስለነበር 28 ሰዎች ማምለጥ ሳይችሉ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን በራሱ ተነሣሽነት ያዘው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የአእምሮ ጤና ሕጋቸውም ሰውን በምንም ዓይነት መልኩ በሰንሰለት ማሰርን በግልጽ ከለከለ። የእኛም ጸበል ቦታዎች፣ የእኛም ሼሆች ደጃፍ ለስንት ቤተሰብ መጽናኛ እንደሆኑ አውቃለሁና በማቃለል አልናገርም፤ እኔም እዚያው ወንድሜን ይዤ ተቀምጫለሁ። ነገር ግን ሰው የሚታሰርበትና የሚያድርበት ቤት ሁሉ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ እሳት ቢነሣ ማን ይፈታዋል ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። እኔ በሙያዬ በር ወደ የት እንደሚከፈት ሳስብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከውጭ የሚቆለፍ በር በእሳት ጊዜ ግድግዳ ነው።

ማሰር ጨርሶ ይቅር ወይስ በልክ ይሁን በሚለው ላይ በዓለም ያሉ ባለሙያዎች አይስማሙም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የአእምሮ ሕመም ያለበትንም ሰው ስለሚጨምር፣ የዓለም ጤና ድርጅት በእርሱ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው የተቋማት መገምገሚያ አልጋ ከመቁጠር ይልቅ የሰውን ነፃነት፣ ክብርና ፈቃደኝነት ይጠይቃል፤ ሰውየው ከተቋም ወጥቶ በማኅበረሰቡ መካከል መኖር መቻሉንም ይጠይቃል። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ በበኩሉ ማሰርን ይፈቅድና በሰዓት ያጥረዋል። ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ የደረሰ አዋቂ ሰው ቢታሰር ትእዛዙ ከ4 ሰዓት አያልፍም፤ ከ9 እስከ 17 ዓመት ለሆነ ልጅ 2 ሰዓት፣ ከዚያ በታች ላለ 1 ሰዓት ነው፤ ትእዛዙ የሚታደሰው በገደብ ነው፤ በታሰረ በ1 ሰዓት ውስጥም ብቃት ያለው ባለሙያ በአካል ቀርቦ ሊያየው ግድ ነው። እኔ ሐኪም ስላልሆንኩ የቱ ይበልጣል ብዬ አልፈርድም። የሰዓት ገደቡ ግን ገንዘብ እንደማይጠይቅ አውቃለሁ። መዝገብ፣ እስክሪብቶና የሚፈርም ሰው ይበቃዋል።

መስፈርት ሲጠብቅ ያሉትም ጥቂት ተቋማት ይዘጋሉ ለሚለው ስጋት የምሰጠው መልስም ከዚሁ ይነሣል። ስጋቱን አልንቀውም፤ ድሬ ላይ አንድ በር ቢዘጋ ሕመምተኛው ጎዳና ላይ ወይም ጓዳ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ የኤሲዲሜኒም ጥፋት ሰዎቹ የሚሄዱበት ሳይዘጋጅ ካሉበት መነሣታቸው ነበር። ስለዚህ ሕንፃውን ለማሻሻል ጊዜ ይሰጥ፤ እኔም ራሴ በአንድ ዓመት የማይሠራ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ሰው ሲታሰር መመዝገብ፣ የታሰረን ሰው በየ15 ደቂቃው ሄዶ ማየት፣ ውሃ በየሰዓቱ ማቅረብ፣ ፈቃዱ የሚፈቅደውንና የማይፈቅደውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ በትልልቅ ፊደል በር ላይ መለጠፍ፣ ማንበብ ለማይችልም በቃል ማስረዳት ግን ለነገ የሚባል አይደለም። የመጨረሻው ቢደረግ ኖሮ እናቴ በማኅተሙ ባልተታለለች።

ከሁሉ በላይ መስፈርቱ ቢያውቀው የምመኘው አስታማሚውን ነው። በእኛ አገር ሆስፒታል የሚያጎርሰው፣ የሚያጥበው፣ ሌሊት የሚነቃው አስታማሚ ነው፤ በሠራተኛ ብዛት ሠንጠረዥ ላይ ግን አይቆጠርም። የትኛው ነርስ ተረኛ ሆኖ እንደተኛ፣ የትኛው መርፌ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደተወጋ የሚያውቀው እርሱ ነው። ወንድሜን ያስገባንበት ቦታ የመጀመሪያ ሕጉ አስታማሚ አይገባም የሚል ነበር፤ እኛም ሥርዓት ያለው ቦታ መስሎን ደስ አለን። ዛሬ ቢሆን ያንን ሕግ ስሰማ ወንድሜን ይዤ እመለስ ነበር። ተቆጣጣሪ በዓመት አንድ ቀን፣ ያውም ብዙ ጊዜ ቀጠሮ አስይዞ ይመጣል፤ አስታማሚ ግን ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ነው። አቤቱታውን የሚያደርስበት ስልክ ቁጥር በእጁ ቢሰጠውና ተቆጣጣሪው ሲመጣ ከሥራ አስኪያጁ በፊት እርሱን ቢያነጋግር፣ አሁን ከምናወጣው ላይ ብዙ ብር ሳንጨምር ብዙ እናውቅ ነበር።

ወደ ሥዕሉ ስመለስ፣ ማራገቢያውን በተመለከተ መልስ የሰጠኝ ራሱ አሮጌው ግቢ ነው። የከዚራን የጥንት ቤቶች የሠሩት ሰዎች በኤሌክትሪክ ሳይተማመኑ ሙቀቱን ያውቁት ነበር፤ ጣሪያቸው ረጅም፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ በረንዳቸው ሰፊ ነው፤ ግቢው ውስጥም የኒም ዛፎች አሉ። ጣሪያውን ዝቅ አድርጎ ኮርኒስ የመምታቱን ሐሳብ ተውኩት፤ ነፋሱ ተሻግሮ እንዲያልፍ ከፍ ብለው ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች አስገባሁ፤ ማራገቢያዎቹን ግድግዳው ውስጥ ቀብሬ ጣት በማያስገባ ወንፊት ሸፈንኳቸው። በሮቹ ወደ ውጭ እንዲከፈቱ፣ አደጋ ሲመጣ ሁሉም ከአንድ ቦታ እንዲለቀቁ፣ እያንዳንዱ ተረኛም ቁልፍ አንገቱ ላይ እንዲይዝ ጻፍኩበት። ባለሀብቱ ስለ ወጪው ትንሽ ተከራከረኝ፤ ሲስተር መጥተው አነጋገሩት፤ እሺ አለ።

ሥዕሉ ከመታተሙ በፊት ለወንድሜ አሳየሁት። ዛሬ በወር አንድ ጊዜ መርፌውን እየወሰደ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ባለች ሱቁ ውሎ ማታ ቤቱ ይገባል፤ ስለዚያ ቦታ ግን በ11 ዓመት ውስጥ ከእኔ ጋር ሁለቴም አላወራም። ይከፋዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼለት ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ጣቱን ለብቻ ማቆያ ተብሎ በተጻፈበት ክፍል ላይ አሳርፎ፣

«ሰዓቱ የት ነው የሚሰቀለው?» አለኝ።

«የምን ሰዓት?»

«የግድግዳ ሰዓት። እኔን ያሰሩኝ ገና ሳይነጋ ነው። የሱብሂን አዛን ሰማሁ፤ የዙሁርንም ሰማሁ፤ የፈቱኝ የአስርን ከሰማሁ በኋላ ነው። መስጊዱ ባይኖር ቀኑ ይለቅ አይለቅ በምን አውቅ ነበር?»

ከንጋቱ አዛን በፊት እስከ ከሰዓት በኋላው አዛን ድረስ ያለውን በልቤ ቆጠርኩት። ከ10 ሰዓት ርዝመት ያልፋል። ለእርሱ ግን አልነገርኩትም፤ እርሱም የጠየቀኝ ያንን አልነበረም። እርሳስ ተቀብሎኝ በክፍሉ ሥዕል ላይ፣ አልጋው ላይ በጀርባው የተኛ ሰው ቀና ሳይል የሚያየውን ግድግዳ መርጦ ትንሽ ክብ ሣለ። ማታ ቤት ስገባ በቴክኒክ ዝርዝሩ ላይ ጨመርኩት፦ የግድግዳ ሰዓት፣ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረ፣ በማይሰበር መስታወት የተሸፈነ፣ ቁጥሩ ትልልቅ፣ ሌሊትም የሚታይ።